«ደከመኝ» የምትለው ልብስ ሰፊ፦ አንድ የጉዳይ ጥናት ከጅማ

ባለፈው ዓመት መጋቢት ውስጥ ነው የመጣችው። ባሏ በባጃጅ አድርሷት በሩ ላይ ቀረ። ወንበሩ ላይ ቁጭ እንዳለች ከዘንቢሏ ያላለቀ የልጅ ቀሚስ አወጣች። «ሲስተር፣ ይቺን አየሽ? ድሮ ጠዋት ጀምሬ ለምሳ የምጨርሳት ነች። አሁን ሦስተኛ ሳምንቷ ነው።» አጣጥፋ መለሰችው። አላለቀሰችም። አነጋገሯ የዕቃ ዋጋ የምትናገር ነበር የሚመስለው።

ጅማ ውስጥ በአእምሮ ጤና ባለሙያነት ነው የምሠራው። እሷን ወደኔ የላካት የነርቭ ሐኪሟ ነው። የያዘችው ወረቀት «መልቲፕል ስክለሮሲስ፤ ድብርት?» ይላል። ያቺን የጥያቄ ምልክት ልብ አላልኳትም። ማለት ነበረብኝ።

የምጽፈው በፈቃዷ ነው። ማንነቷን የሚያሳብቅ ነገር ቀያይሬያለሁ። የበሽታውን ነገር ግን እንዳለ ነው የተውኩት።

ዕድሜዋ 34 ነው። የሁለት ልጆች እናት ነች። ከጅማው መርካቶ ወረድ ብሎ አንዲት ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት አላት። በሽታው የጀመራት ከዚያ ሦስት ዓመት በፊት ነው፤ በዓይኗ። አንድ ቀን ቀይ ክርና ቡናማ ክር ተምታቱባት። ግራ ዓይኗን ስትጨፍን ቀዩ የደበዘዘ ሸክላ ይመስላል። ቀኝ ዓይኗን ስትጨፍን ደግሞ ቀዩ ቀይ ነው። ዓይኗን ስታንቀሳቅስ ውስጡን ያማት ነበር። በሳምንታት ውስጥ ተሻላት፤ ረሳችው። ከዓመት በኋላ የስፌት መኪናዋ ላይ ጎንበስ ስትል ከማጅራቷ ተነስቶ በጀርባዋ የሚወርድ ኤሌክትሪክ ያነዝራት ጀመር። እግሮቿም ደነዘዙ።

መጀመሪያ የሄደችበት ክሊኒክ ታይፎይድና ታይፈስ ነው አላት። ሁለተኛው የቫይታሚን መርፌ ወጋት። (እዚህ አገር ታይፎይድ ያልተባለ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።) በመጨረሻ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛ አዲስ አበባ ኤምአርአይ ተነሳች። አእምሮዋና የአንገቷ ሕብለ ሰረሰር ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች ታዩ። የጀርባ ፈሳሽ ተመረመረ። ያኔ ነው ስሙ የተነገራት።

መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ በአጭሩ ኤምኤስ፣ ማለት የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የገዛ ነርቩን ሽፋን ሲያጠቃ ነው። ሽፋኑ ሲላጥ መልእክቱ ይዘገያል፤ አንዳንዴም መንገድ ላይ ይቀራል። ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። ሴቶችን ከወንዶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያጠቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ግምት በዓለም ላይ 2.8 ሚሊዮን ያህል ሰው አለበት። ከምድር ወገብ አካባቢ ባሉ አገሮች ብዙም ስለማይታይ እኛ ጋ የሐኪም ልብ ቶሎ ወደዚያ አይሄድም። እሷም ዋጋ የከፈለችው ለዚህ ነው። አሁን በአዲስ አበባው ሐኪም ትእዛዝ ሪቱክሲማብ በየስድስት ወሩ ትወስዳለች። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን መድኃኒት ለኤምኤስ አስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ስለ መድኃኒቱ ይህ ይበቃል፤ እኔ ጋ ያመጣት ሌላ ነገር ነው።

ያመጣት ድካም ነው። ወይስ ድብርት?

የመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ ጥያቄ ያለውን የድብርት መጠይቅ ሞላሁላት። ጣሪያው 27 ነው። እሷ 17 አመጣች። ከ10 ጀምሮ ጠለቅ ብለን እንመረምራለን፤ 17 ደግሞ ቀላል ቁጥር አይደለም። «ድብርት» ብዬ ጻፍኩ። ስለ እንቅልፍ ስጠይቃት «ሌሊቱን ሙሉ ስነቃ ነው የማድረው» ስላለችኝ ማታ ማታ አሚትሪፕቲሊን 25 ሚሊ ግራም እንዲሰጣት አደረግኩ። እንቅልፉንም ስሜቱንም በአንድ ኪኒን መያዜ ነበር፤ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ስትመለስ ብሶባት ነበር። ጠዋት ጭንቅላቷ አይነሳም። አፏ ይደርቃል። ሆዷ ደርቋል። ሽንቷ ይመጣና አልወጣ ይላታል። መኪናዋ ላይ ተቀምጣ እያንቀላፋች መርፌው ጣቷን ወግቷታል። ጠቋሚ ጣቷ ላይ የታሰረችውን ቁራጭ ጨርቅ አሳየችኝ። ከዚያው ከልጅ ቀሚሱ የተረፈ ጨርቅ ነው።

ጥፋቱ የኔ ነው። ፋይሉን አውጥቼ 17ቱን እንደገና ቆጠርኩ። ድምሩን ሳይሆን ከየት እንደመጣ። እንቅልፍ 3፣ ድካም 3፣ ትኩረት ማጣት 2፣ ቀርፋፋነት 2። እነዚህ አስሩ ምንም ድብርት የሌለበትን የኤምኤስ ታማሚም ሊይዙ ይችላሉ። የቀረው 7 ነው። ከዚህም የምግብ ፍላጎት 0፣ ማዘን 2፣ ነገር አለማስደሰት 1፣ ራስን መውቀስ 3። እና የመጨረሻዋ ጥያቄ፣ ስለ ሞት የምትጠይቀው፣ 1።

«ነገር አለማስደሰት 1» የሚለው ነው ያስቆመኝ። በከባድ ድብርት ውስጥ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው ከፍ የሚለው። እሷ ግን 1።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ልበል። አማርኛ «ደከመኝ» በሚል አንድ ቃል ብዙ ነገር ይሸከማል። እንጨት የፈለጠም ደከመኝ ይላል። ኑሮ የመረረውም ደከመኝ ይላል። የታመመም፣ ያረጀም፣ የሰለቸውም እንደዚያው። «ደበረኝ» ደግሞ በመንገድ አማርኛ መብራት ሲጠፋ፣ ፊልሙ አሪፍ ሳይሆን ሲቀር የምንለው ነው። ስለዚህ «ድብርት አለብሽ» ሲባል ሰው ቅር ይለዋል፤ ትንሽ የደበረው ሰው አደረጉኝ ይላል። እሷ አንድም ቀን ደበረኝ አላለችም። «ሆዴ ይባባል» ነው የምትለው። ወይም «እጄ አልታዘዝ አለኝ»። ሁለቱ ለየቅል መሆናቸውን ለማየት መጠይቅ አያስፈልግም ነበር፤ መስማት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

እናም እንዲህ ጠየቅኳት፦ «ጠዋት ስትነሺ መስፋቱን ፈልገሽው ነው የሚያቅትሽ? ወይስ መፈለጉ ራሱ ነው የጠፋው?»

ትንሽ አሰበች። «ሲስተር፣ እፈልጋለሁ እንጂ! ሌሊት አልጋ ላይ ሆኜ እኮ ነው የምቆርጠው፤ በሐሳቤ። እጅጌውን እንዴት እንደማደርግ ሁሉ አውቀዋለሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደህና ነኝ። አምስት ሰዓት ሲሆን መብራት እንደሚሄደው ድርግም። ቀስ ብሎ አይደለም፤ ድርግም ነው።»

«ሆድሽ የሚባባውስ?»

«እሱ ማታ ነው። ልጆቹ ሲተኙ። ምን ሠራሁ ዛሬ እላለሁ። ለእነዚህ ልጆች ምን ሆንኩላቸው እላለሁ።»

ሁለቱም አሉባት ማለት ነው። ድካሙም አለ፣ ድብርቱም አለ። ሰዓታቸው ግን የተለያየ ነው። የድካም መለኪያውን አመጣሁ። ዘጠኝ ዓረፍተ ነገር አለው፤ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 7 ነጥብ ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣ አሮጌ መሣሪያ ነው፤ አሁንም ያገለግላል። አማካዩ 4 ከደረሰ ድካሙ ጉዳይ ነው ይባላል። የእሷ 6.1 ሆነ።

ኤምኤስ ካለባቸው ሰዎች ከአራቱ ሦስቱን ገደማ ድካም ይይዛቸዋል። ብዙዎቹም ከሁሉ የከፋው እሱ ነው ይላሉ፤ ከእግር መስነፍ ይልቅ። ድብርት ደግሞ እስከ ግማሽ የሚደርሱትን በሕይወት ዘመናቸው አንድ ጊዜ ያገኛቸዋል። «ታሞ እንዴት አይከፋው» ብቻም አይደለም። በሽታው ስሜት የሚመራባቸውን የአእምሮ ክፍሎች ራሳቸውን ይነካል። ድካሙም ቢሆን ስንፍና አይደለም። ሽፋኑ በተላጠ መንገድ መልእክት ለመላክ አእምሮ ከጤነኛ ሰው ይልቅ ብዙ ቦታውን ያስነሳል። አንድ ቁልፍ ለመትከል የአንድ ቀሚስ ጉልበት ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ያደረግነው ሥራ አብዛኛው ሕክምና አይመስልም። በመጀመሪያ የሌሊቱን ነገር ጠየቅኩ፤ በመጋቢት መጠየቅ የነበረብኝን። ለምንድን ነው የምትነቂው?

«ሽንቴ ነዋ።»

ሌሊት አራት ጊዜ ትነሳለች። ሽንት ቤቱ ጓሮ ነው። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጃንጥላ ይዛ፣ የስልክ መብራት አብርታ፣ በደነዘዘ እግር ጭቃ ላይ። ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ለዚህ ብላ ውሃ መጠጣት ትታ ነበር። ውሃ ስትተው ሆዷ ደረቀ፤ ሽንቷም አቃጠላት። ምርመራው ኢንፌክሽን አሳየ። እኔ ደግሞ በዚያ ላይ ሽንት የሚይዝ ኪኒን ጨመርኩላት! አሚትሪፕቲሊን ሽንት እንደሚይዝ ማንኛችንም እናውቃለን። ግን ካልጠየቅሽ ምን ታውቂያለሽ።

መፍትሔው ፖፖ ነበር። የፕላስቲክ ፖፖ፣ ከገበያ፣ አልጋ ሥር። አፍራ ነበር። «የልጅ ዕቃ» አለች። ባሏ ነው ገዝቶ የመጣው። ውሃውን ቀን ላይ እንድትጠጣ፣ ከማታ አንድ ሰዓት በኋላ እንድትቀንስ ተስማማን። ኢንፌክሽኑ ታከመ። የደም ማነስና የእንቅርት ሆርሞን አስመረመርን፤ ደህና ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሌሊት አንዴ መነሳት ሆነ። አንድም የአእምሮ መድኃኒት ሳይጨመር ጠዋቷ ተራዘመ።

ቀጥሎ ቡና መጣ። ጅማ ላይ ተቀምጦ «ቡና ቀንሺ» ማለት ድፍረት ነው፤ አውቃለሁ። ግን የአሥራ አንድ ሰዓቱ ቡና ፊኛውንም ያስቆጣል፣ እንቅልፉንም ይወስዳል። አቦሉን ብቻ ጠጥታ ቶናውንና በረካውን እንድትተው ተደራደርን። የሚገርመው እሷ ከጎረቤት ጋር ቡና መጠራራቱን ከኔ በፊት ትታው ነበር፤ በሌላ ምክንያት። የፍሙ ሙቀት። ቡና ስትቆላ እግሯ ይከዳታል። ጎረቤት ስትጠራት አልሄድ ስትል፣ እሷም መጥራት ስትተው፣ «ኮራች» ተባለች። ከዚያ ማንም መጥራቱን ተወ። ድብርቱ ከጎረቤት ዝምታም ጭምር ነው የተሠራው።

ሙቀቱ ቁልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 ዊልሄልም ኡትሆፍ የሚባል ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም ታማሚዎቹ ሲደክሙ ዓይናቸው እንደሚደክም ጻፈ። በኋላ ነገሩ የሰውነት መሞቅ እንደሆነ ታወቀ። ሽፋኑ የተላጠ ነርቭ ትንሽ ሲሞቅ መልእክት ማስተላለፍ ያቅተዋል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ኤምአርአይ ባልነበረበት ዘመን ሐኪሞች ሰውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው ምልክቱ ሲብስ አይተው ይለዩ ነበር።

አሁን የእሷን ቀን ተመልከቱ። አራት ሰዓት ላይ የከሰል ካውያዋን ታቀጣጥላለች። አምስት ሰዓት ላይ ድርግም።

አማቷም የያዙት አንድ ነገር ነበር። በየሳምንቱ ጠበል ይወስዷታል። ከጠበል ስትመለስ ለሁለት ሦስት ሰዓት ደህና ትሆናለች። «አየሽ፣ መንፈስ ነው። መድኃኒቱን ተይው» ይሏታል። የጤና ባለሙያ እዚህ ጋ ፊቱን ያጨፈግጋል፤ እኔም ብዙ ጊዜ አጨፍግጌያለሁ። አሁን ግን አሰብኩት። ውሃው በረዶ ነው። ሰውነቷን ያቀዘቅዘዋል። ሴትየዋ የሚያዩት ነገር እውነት ነው! ጠርቻቸው ተነጋገርን።

«እማማ፣ ልክ ነዎት፤ ቀዝቃዛው ውሃ ይረዳታል» አልኳቸው።

ዝም ብለው አዩኝ። ከሐኪም ቤት ሰው እንዲህ ይሉኛል ብለው አልጠበቁም።

«ጠበሉ ይቀጥል። መድኃኒቱም ይቀጥል። ቤትም ስትሆን እርጥብ ፎጣ አንገቷ ላይ ያድርጉላት።»

«እኛ እኮ አራስ ሆነን እንኳ እንጨት ለቅመናል» አሉ፤ ግን ድምፃቸው ለስልሶ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፎጣውን የሚያርሱት እሳቸው ናቸው። ካውያው ወደ በረንዳ ወጣ። የሚተኩሰው ትልቁ ልጇ ነው፤ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፣ እያጉረመረመ።

የጫቱን ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። የባሏ ወንድም «ትንሽ ብትቅሚ ትነቂያለሽ» ብሏት ኖሯል። ጅማ ነው፤ ምክሩ ሩቅ አይደለም። ሦስት ቀን ሞከረች። ከሰዓት በኋላ ሁለት ቀሚስ ቆረጠች። ሌሊቱን ዓይኗ ሳይከደን ነጋ። በማግስቱ ከአልጋ አልወረደችም፤ ሆዷም ያለ ወትሮው ባባ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው። ያበደረውን ጉልበት በወለድ ይወስዳል። የፋብሪካ አነቃቂዎችም ቢሆኑ ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የ141 ሰዎች ጥናት ለኤምኤስ ድካም የሚታዘዙትን አማንታዲን፣ ሞዳፊኒልና ሜቲልፌኒዴት ከባዶ ኪኒን ጋር አወዳደረ። አንዳቸውም ከባዶው አልበለጡም። ይህን ስነግራት ሳቀች። «እንኳን ብር አላወጣሁ» አለች። ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ለድካሙ የረዳት ሰዓት መቁጠር ነው። ከጠዋቱ ሁለት እስከ አምስት የእሷ ነው። መቁረጥና ልኬት በዚያ ሰዓት። አምስት ሰዓት ሳይሞላ፣ መብራቱ ሳይሄድ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ፍራሽ ላይ ሃያ ደቂቃ ጋደም ትላለች። ይህ ነው የከበዳት። «ደህና ሆኜ እንዴት እተኛለሁ?» ደህና ሆኖ መተኛት ማለት ሳይወድቁ መቀመጥ ማለት መሆኑን ለማመን አንድ ወር ፈጀባት። ከሰዓት በኋላ ቁልፍና ጠርዝ፣ ቁጭ ብላ። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ በአዌቱ ወንዝ ዳር ትራመዳለች። በሰባት ደቂቃ ጀመረች፤ በየሳምንቱ ሁለት ደቂቃ ትጨምራለች። ሲብስባት ትመልሳለች።

ለድብርቱ ደግሞ ከሐኪሙ ጋር ተማክረን አሚትሪፕቲሊኑን አቆምን። ፍሉኦክሰቲን 20 ሚሊ ግራም ጠዋት ጀመረች። እና ወሬ። የማታውን ወቀሳ በደብተር እንድትጽፈው አደረግን፤ ለልኬት በምትጠቀምበት ደብተር ጀርባ። «ዛሬ ምንም አልሠራሁም» ብላ የጻፈችበት ገጽ ፊት ለፊቱ የሦስት ሰው ልኬት ነበረበት፤ በዚያው ቀን የወሰደችው። ጣቴን አደረግኩበት፤ ምንም አላልኩም።

ስለ ሞት ያቺን 1 ነጥብ አልዘለልኳትም። ኤምኤስ ባለባቸው ሰዎች ራስን የማጥፋት አደጋ ከሌላው ሰው ከፍ ይላል። በቀጥታ ጠየቅኳት። መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራም፤ ብዙ ጊዜ ያቀለዋል። «ባልኖር ይሻላቸው ነበር እላለሁ፤ ግን ምንም አላደርግም፤ ልጆቼስ» አለች። ዕቅድ የላትም። ያም ሆኖ የተረፈውን አሚትሪፕቲሊን ባሏ ሰብስቦ መለሰልኝ፤ በዝቶ ሲወሰድ ልብ የሚያቆም መድኃኒት ነው። ያኔ ነው ሰውየው ወደ ክፍሉ የገባው። እስከዚያ ድረስ በር ላይ ነበር። «አይዞሽ ተንቀሳቀሺ» ይላት እንደነበር፣ ያንን ሲል የሚረዳት ይመስለው እንደነበር ነገረኝ። «ሰነፈች ብዬ አላውቅም» አለ። እሷ መሬት መሬት አየች። ብሎ ያውቃል ማለት ነው። ተውኩት።

ነሐሴ ላይ አስደነገጠችን። እግሯ ጨርሶ እምቢ አለ። በሽታው አገረሸ ብለን ወደ አዲስ አበባ ልናሳፍራት ነበር። ትኩሳቷ ሲለካ 38.6። ሽንቷ ሲመረመር ኢንፌክሽኑ ተመልሷል። በሽታው አልነበረም ያገረሸው፤ ትኩሳቱ ነው አሮጌውን ጠባሳ የቀሰቀሰው። አንቲባዮቲክ ወሰደች፤ በሳምንቷ ተነሳች።

በስድስተኛው ወር እንደገና ለካን። የድብርቱ 17 ወደ 8 ወርዷል። የሞት ጥያቄው 0 ነው። ራስን መውቀስ ግን ከ3 ወደ 2 ብቻ ነው የወረደው። የድካሙ 6.1 ደግሞ 5 ላይ ነው። ብዙ አልወረደም። እሷ ግን «ድካሙ ያው ነው፤ እኔ ነኝ የማልፈራው» አለችኝ።

አሁን ጎረቤቷ ትቆላለች፤ እሷ ትቀዳለች። አቦሉን ጠጥታ ትነሳለች፤ ማንም ኮራች አይላትም። እኔ ጋ ስትመጣ ቀጠሮዋ ጠዋት ሁለት ተኩል ነው። ከዚያ ካለፈ አትመጣም፤ ደውላ ትነግረኛለች።

ያቺ የልጅ ቀሚስ አላለቀችም። ያዘዘቻት ደንበኛ ስትዘገይባት ገንዘቧን አስመልሳ ሄደች። ቀሚሷን የእሷ ትንሿ ልጅ ነው የምትለብሳት፤ ያለ እጅጌ። ሰው ሲጠይቃት «ሞዴሉ ነው» ትላለች።